ከስብከት የሚቀረው፤ በወሎ ደጋ የሰንበት ትምህርትና የሰሚው ድርሻ

«ሰበከ» የሚለው የግዕዝ ግሥ ዐወጀ፣ በአደባባይ ተናገረ፣ አስተማረ ማለት ነው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን የምታገለግለው ሕዝብና አገርም ከዚሁ ግሥ በወጣ ስም «ሰበካ» ይባላል። እንደ ስሙ ከሆነ ሰበካ ማለት የሚሰበክለት ሕዝብ፣ የሚሰበክበትም ስፍራ ማለት ነው። ነገር ግን የዚያው ሰበካ ሰው በሰንበት ጧት ከደብሩ ሲመለስ የት እንደ ነበረ ቢጠየቅ፣ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ» ወይም «አስቀድሼ መጣሁ» ይላል እንጂ ስብከት ሰምቼ መጣሁ ማለት ልማዱ አይደለም። ካህኑ ነገሩን በመናገር ሰየመው፤ ምእመኑ በመሳምና በመቆም ሰየመው። በእነዚህ በሁለቱ አሰያየሞች መካከል ያለው ርቀት ምን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተጻፈው ብዙ ነው። የሚበዛው ግን የሚያስተምረውን ወገን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ቅኔውን፣ ዜማውን፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜና የሊቃውንቱን ክርክር ነው። በዐውደ ምሕረት ቆሞ የሰማው ባላገር መጽሐፍ አልጻፈም። ከሰማው ምን ይዞ እንደ ሄደ የሚታወቀው ቀኑን በሚቈጥርበት ስም፣ በሚምልበት ቃል፣ ለልጁ በሚተርከው ታሪክና ከማኅበርተኞቹ ጋር በሚጠጣው ጽዋ ነው። ይህንንም ለመመርመር ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ ተነሥቶ በተንታና በሳይንት በኩል እስከ ቦረናና መካነ ሰላም የሚዘልቀው የወሎ ደጋ በሦስት ምክንያት የተመቸ ነው። አንደኛ፣ ከዘመነ መንግሥቱ ታላላቅ የድርሳን ጸሐፊዎች አንዱ የወጣው ከዚሁ አገር ነው። ሁለተኛ፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ትልቁ የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው በዚሁ አገር ነው። ሦስተኛ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ተቀላቅሎ የሚኖርበት አገር በመሆኑ፣ ሰሚው የሁለት ወገን መምህራንን ድምፅ ያውቃል፤ የሚቀርበትንና የሚያልፈውንም ለይቶ ለማየት ይረዳል።

የመጽሐፈ ምስጢር ሰሚ

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከተማሩ በኋላ በምዕራቡ ደጋ በጋስጫ ስማቸው የጸና፣ የሰዓታቱን ጸሎት በመድረስ የታወቁ ሊቅ ናቸው። መጽሐፈ ምስጢር የተባለውን ታላቅ ድርሰታቸውን በ1416 ዓ.ም. ፈጸሙ። መጽሐፉ ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ ንስጥሮስንና ሌሎችንም እያነሣ ትምህርታቸውን በመጻሕፍት ምስክርነት የሚነቅፍ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን ከይዘቱ ይልቅ አደረጃጀቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ክፍሎቹ በዓመቱ በዓላት በቤተ ክርስቲያን እንዲነበቡ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህም መጽሐፈ ምስጢር የሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ ሳይሆን በአሳቡ የሕዝብ ስብከት ነው።

ይሁን እንጂ የተጻፈው በግዕዝ ነው፤ ግዕዝም በዚያ ዘመን የገበሬው አፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። በበዓል ቀን የሰባልዮስን ስሕተት በግዕዝ ሲነበብ የሰማ ባላገር፣ የንባቡን ግርማና የበዓሉን ክብር ይዞ ሲሄድ፣ የክርክሩ ፍሬ በካህናቱ ዘንድ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ከአባ ጊዮርጊስ የወሰደው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ስለ ልጅነታቸው የሚተረከው ነው። ትምህርት አልገባቸው ብሎ ብዙ ዓመት እንደ ተቸገሩ፣ በሐይቅ ገዳም እህል እየፈጩ ሌሎችን እንዳገለገሉ፣ በመጨረሻም እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጥታቸው ዐይነ ልቡናቸው እንደ በራ ይነገራል። መጽሐፈ ምስጢርን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ብዙ ምእመን ይህን ታሪክ አሳምሮ ይተርካል። ልጇ ፊደል አልገባው ያላት እናት ከክርክሩ ልትወስድ የማትችለውን ተስፋ ከዚህ ታሪክ ትወስዳለች። መጽሐፉ ሊቁን ለሊቃውንት አስተዋወቀ፤ ወፍጮው ግን ለሕዝብ አስተዋወቃቸው።

ትእዛዝና ተአምር

ከአባ ጊዮርጊስ ጥቂት በኋላ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ምን ይዞ እንደሚወጣ ከማናቸውም ነገሥታት ይልቅ አጥብቀው ያሰቡ ንጉሥ ናቸው። ካህናት በሰንበታትና በበዓላት ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ መጽሐፈ ብርሃን በተባለው ድርሰታቸውም ለዚሁ የሚነበበውን ትምህርት አዘጋጁ። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የቀዳሚት ሰንበትና የእሑድ አከባበር ጸና። ዜና መዋዕላቸው እንደሚያስረዳው ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሕፈት በግንባሩና በክንዱ ላይ እንዲያደርግ ታዞ ነበር። የተሰበከው ቃል ከሰሚው ዘንድ እንዳይጠፋ በሰውነቱ ላይ ይጻፍ ማለት ነው።

ንጉሡ ግን ሌላም መንገድ ነበራቸው። በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አደረጉ፤ የእመቤታችንንም በዓላት ቍጥር አስፍተው ወሰኑ። ከሁለቱ መንገዶች የትኛው በሕዝቡ ዘንድ እንደ ዘለቀ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም። የግንባሩ ጽሕፈት በዜና መዋዕል ብቻ የሚታወቅ ነገር ሆኗል። ተአምሩ ግን ዛሬም ይነበባል፤ ከተነበበም በኋላ በቤት ይተረካል። 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ በማርያም ስም ለተጠማ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ እንዴት እንደ ዳነ የማያውቅ ክርስቲያን ባላገር ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ታሪክ በቃል ለመያዝ ይቀላል፤ ከዚያም በላይ ሰሚው በዚያው ቀን ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ያሳየዋል። ውሃ የሌለው ቤት የለም፤ የተጠማ መንገደኛም አይታጣም። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን የሚዘክር ሰው ለነዳያን የሚያቀርበው እንጀራና ጠላ የዚያ ስብከት ፍሬ ነው።

እዚህ ላይ ተአምሩም የተነበበው በግዕዝ ነው፤ ታዲያ እንዴት ወደ ሕዝቡ ደረሰ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የደረሰው በመተርጐም ነው። አንባቢው ወይም ሌላው ካህን ታሪኩን በአማርኛ ይመልሰዋል፤ የነፍስ አባቱም ቤት ለቤት ሲዞር ይደግመዋል። ታሪክ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር አጥንቱ አይሰበርም። «ባሕርይ»፣ «አካል»፣ «ግብር» እየተባለ በስያሜ ልዩነት ላይ የቆመ ክርክር ግን ስያሜውን ካጣ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ በግዕዝ የተሰበከው ሁሉ ለሕዝቡ አልደረሰም ማለት ትክክል አይሆንም፤ በግዕዝ ከተሰበከው መካከል ሊተረክ የሚችለው ደረሰ ማለት ይሻላል።

አማርኛ ወደ ትምህርቱ ስለ መግባቱ

የቋንቋው ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓም በ813 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በቱር ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ሕዝቡ እንዲያስተውለው ስብከቱ ከላቲን ወደ ባላገሩ የሮማይስጥ አነጋገር ወይም ወደ ጀርመንኛ እንዲመለስ ወስነዋል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የጉባኤ ውሳኔ ሳይደረግ ነገሩ በክርክር ምክንያት መጣ። በ1595 ዓ.ም. የገቡት አባ ጴጥሮስ ፓኤዝና ሌሎች የኢየሱሳውያን መምህራን ትምህርታቸውን በአማርኛ ማቅረብ በጀመሩ ጊዜ፣ የተዋሕዶ ሊቃውንትም በአማርኛ መልስ መስጠት ግድ ሆነባቸው። ዐፄ ሱስንዮስ ተቀብለውት የነበረው የሮማ ሃይማኖት በ1624 ዓ.ም. ቀርቶ የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ፣ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የመናገር ልማድ ግን አብሮ አልተመለሰም፤ ቆየ። በጐንደር ዘመን የጸናው የአንድምታ ትርጓሜም መጽሐፉን በግዕዝ እያነበበ ምስጢሩን በአማርኛ የሚያስረዳ ነው።

አንድምታው ግን በጉባኤ ቤት ለደቀ መዛሙርት የሚሰጥ ትምህርት እንጂ ለሰንበት ምእመን የታሰበ አልነበረም። ወደ ዐውደ ምሕረት የደረሰው በተማረው ካህን አፍ ነው፤ የተማረ መምህር በሌለበት ገጠር ምእመኑ ቅዳሴውን ሰምቶ፣ ተሳልሞ፣ ጸበል ጠጥቶ ይመለሳል። የቤተ ክርስቲያኑ አሠራር ራሱ ይህን ያጠነክረዋል። በቅኔ ማኅሌቱ መዘምራን፣ በቅድስቱ ቈራቢዎች፣ በመቅደሱ ቀዳስያን ሲቆሙ፣ የሚበዛው ሕዝብ በውጭ በዛፉ ሥር ቆሞ የሚሰማው ከቃሉ ይልቅ ዜማውንና ደወሉን ነው።

የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሊቃውንቱን ሰብስበው ከደሴ በስተ ሰሜን በኩታበር አጠገብ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ለክርክር የቀረበው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኒቱን የከፋፈለው የቅብዐት ነገር ነው። አንደኛው ወገን ክርስቶስ በተዋሕዶ ከበረ ይላል፤ ሁለተኛው በቅብዐት ከበረ ይላል፤ ሦስተኛው ከአብ ከተወለደውና ከድንግል ከተወለደው ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው ይላል። ከእስክንድርያ ከፓትርያርኩ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ጉባኤውም ለተዋሕዶ ፈረደ። በተዋሕዶ በኩል ከተናገሩት ሊቃውንት መካከል ስማቸው ከስፍራው ጋር ተያይዞ የሚነሣው መምህር አካለ ወልድ ናቸው።

ለአካባቢው ሕዝብ ግን ጉባኤው የተሰማው በሌላ መልክ ነው። ክርክሩ እንዳበቃ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ ሹማምንቱም ወይ ተጠምቀው ሹመታቸውን እንዲይዙ፣ ወይ እንዲለቁ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህም በኋላ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የሆኑት ናቸው። ኢማም አባ ዋጠውም በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኀይለ ማርያም ተባሉ። ሰበከ የሚለው ቃል ዐወጀም ማለት እንደ ሆነ ከላይ ታይቷል፤ በቦሩ ሜዳ ሁለቱ ትርጕሞች በአንድ ስፍራና በአንድ ሰሞን ተገናኙ።

ሰሚው ከዚህ ምን ይዞ ሄደ? በዚያ ዘመን በሸዋ የነበሩት ካፑቺናዊው ካርዲናል ማሳያ የተጠመቁት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው የጥምቀቱን ኀይል ያስለቅቁልን ዘንድ በቀጥታ ወደ ሼሆቻቸው ይሄዱ እንደ ነበር ጽፈዋል። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም የተባለው ኑሮ የዚህ ዘመን ነው። ማሳያ ራሳቸው በ1871 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር የተባረሩ ሰው ስለ ሆኑ ምስክርነታቸው ያለ ቅያሜ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በወሎ የተነሣው ዐመፅና ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ መሰደዱ ነገሩን ያጸናዋል። ሕዝቡ ከቦሩ ሜዳ የወሰደው የተዋሕዶን ምስጢር ሳይሆን የዐዋጁን ቀን ነው። ይህም በተሸናፊው ወገን ብቻ የታየ አይደለም። ክርስቲያኑም ባላገር ቢሆን የጸጋ ልጅንና የተዋሕዶን ልዩነት ከሊቃውንቱ እኩል ተረድቶ ቤቱ ገባ ማለት አይቻልም።

ለዚህ አባባል የሚቃረን ማስረጃ ከዐባይ ማዶ ይገኛል። በምሥራቅ ጐጃም የቅብዐት ትምህርት ከጉባኤው በኋላም ፈጽሞ አልጠፋም። እንዲህ ከሆነ የምስጢር ትምህርትም በሕዝብ ዘንድ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ የቆየበትን ምክንያት የመረመረ ሰው ትምህርቱ ብቻውን እንዳልቆየ ያገኘዋል፤ ገዳማቱ፣ የመምህራኑ የትውልድ ሐረግና የአገር ፍቅር ተሸክመው አቆይተውታል። ባላገሩ የያዘው ክርክሩን ሳይሆን የአባቶቹን ወገን ነው።

የመንዙማው ምስክርነት

የወሎ የእስልምና መምህራን አሠራር ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። እነርሱም እንደ ካህናቱ የትምህርታቸው ቋንቋ የሕዝቡ ቋንቋ አልነበረም፤ ቁርአኑና ፍቅሁ በዐረብኛ ነው። ሆኖም በ18ኛው መቶ ዘመን በጀማ ንጉሥ ማእከል የመሠረቱትን ሼህ መሐመድ ሻፊን የመሰሉ ሊቃውንት ባስፋፉት ልማድ ሕዝቡ በመውሊድና በሐድራ ተሰብስቦ በዜማ እየተቀበለ ይማራል። በዐፄ ዮሐንስ ላይ የተነሡት ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ ደርሰዋል። በዚህ መንገድ ትምህርቱ እረኛውና ፈጪዋ ሊያዜሙት የሚችሉት ግጥም ሆነ። በወሎ እስልምና ከዐዋጁ በኋላ ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያት፣ ምእመኑ መስጊድ በሌለበትም በቃሉ የያዘው ትምህርት ስለ ነበረው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ዐዋጅ መጽሐፍንና ሹመትን ሊወስድ ይችላል፤ በእናት አፍ ያለውን ዜማ ግን መውሰድ ያዳግተዋል።

ከጉባኤው በኋላ

ቦሩ ሜዳ ከዐዋጁ ሌላ የተወው ነገር አለ። መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ በደሴ ከተማ ለትምህርት ቤት መጠሪያ ሆኗል። በጉባኤው ቀን በአንድ ፍርድ ያለቀው ነገር በጉባኤ ቤቱ በብዙ ዓመት ድካም ተተክቷል። ከዚያ የወጡት ካህናት በየደብሩ ሲበተኑ ሕዝቡ በነፍስ አባትነት አገኛቸው። የነፍስ አባት ትምህርት ስብከት አይባልም፤ ነገር ግን ልቅሶ ቤት፣ ክርስትና ቤት፣ የታመመ ሰው ቤት እየገባ የሚናገረው ቃል ለአንድ ሰው ስለ አንድ ጉዳይ የሚነገር በመሆኑ አይረሳም።

የሰንበት ትምህርት የሚፈተንበት ሌላው ስፍራ ሰንበቴው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ በተራ ያመጡትን ዳቦና ጠላ ካህኑ ባርኮ፣ ነዳያን ጭምር ተሰብስበው ሲቀምሱ፣ በዚያ ጧት የተነገረው ይነሣል ወይም አይነሣም። ከተነሣ በሰፈሩ ነገር ተመንዝሮ ነው። ስለ ይቅርታ የተነገረው በወሰን ስለ ተጣሉት ሁለት ጎረቤቶች ይሆናል፤ ስለ ምጽዋት የተነገረው ባሏ ስለ ሞተባት ሴት እርሻ ይሆናል። የወሩም ቀኖች እንዲሁ ናቸው። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 እየተባለ ብድር የሚከፈለው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ሠርግ የሚቀጠረው በእነዚሁ ስሞች ነው። የስንክሳሩን ንባብ ያልተከታተለ ገበሬ የስንክሳሩን ዓመት ይኖረዋል። «በሥላሴ» ብሎ የሚምለውም ሰው ስለ ሦስትነትና አንድነት መልስ መስጠት ባይችል፣ በሐሰት ሊጠራው የማይደፍረው ስም እንዳለ ያውቃል። ይህን ዕውቀት አይደለም ማለት አይገባም።

የኋለኛው ዘመን ለውጥ

በ20ኛው መቶ ዘመን የሰሚው ሁኔታ ተለወጠ። በጐጃሙ ተወላጅ በአባ አብርሃም ትርጕም መነሻነት በ1832 ዓ.ም. ታትሞ የነበረው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን በተሠራው በ1954ቱ ዕትም ተተካ፤ የአንድምታ መጻሕፍትም በአዲስ አበባ ታተሙ። ቃለ ዐዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ምእመናንን ከካህናቱ ጋር በደብሩ አስተዳደር አገባ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ርስትና ጉልቷን ስታጣ፣ የካህናቱ ኑሮ በምእመናን አስተዋፅኦ ላይ ወደቀ። ይህ የገንዘብ ለውጥ የስብከቱም ለውጥ ነው፤ ከመሬት ግብር ይኖር የነበረ ደብር ሕዝቡ ቢያስተውል ባያስተውል ይቀደስበታል፣ በሕዝቡ እጅ የሚኖር ደብር ግን ለሕዝቡ መናገር ይኖርበታል። የሰንበት ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ ከዚያም ስብከቱ በካሴት፣ በድምፅ ማጉያና በስልክ ከዐውደ ምሕረት አልፎ ሄደ።

አሁን ሰባኪው በአማርኛ ይናገራል፤ ከዛፉ ሥር የቆመውም ሰው ቃሉን ይሰማል። የድሮው መሰናክል፣ የቋንቋውም የርቀቱም፣ በአብዛኛው ተነሥቷል። ጥያቄው ግን አልተነሣም፤ እንዲያውም ይበልጥ ጠርቷል። ሰሚው ሁሉን ቃል እያስተዋለ፣ በሳምንቱ መካከል ከቃሉ አንድም ካልቀረለት ምክንያቱ ግዕዝ ነው ማለት አይቻልም። ድምፅ ማጉያውም የራሱ ፈተና አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሸለቆ በሚኖሩበት አገር ለአንዱ ወገን የተነገረው ለሁለቱም ይሰማል፤ ስለ ጎረቤት ሃይማኖት በክፉ የተነገረ ቃልም ከሁሉ ይልቅ የሚያዝና የሚደገም ይሆናል።

ከጋስጫ እስከ ቦሩ ሜዳ ያለው ታሪክ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ምእመን ከስብከት ይዞ የሚሄደው መምህሩ ሊያስረዳ የደከመበትን ሁሉ ሳይሆን፣ ራሱ መልሶ ሊተርከው፣ ሊያዜመው ወይም በእጁ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ክርክሩ በመጽሐፍ ይጠበቃል፤ ዐዋጁ በሹመት ይጸናል፣ ከሹመትም ጋር ያልፋል። የአባ ጊዮርጊስ ወፍጮ፣ የበላዔ ሰብእ ጥርኝ ውሃ፣ የሼህ ጦልሐ መንዙማ፣ የሰንበቴው ዳቦ ግን ያለ ጠባቂ ቆዩ። ስለዚህ የአንድን ዘመን ስብከት ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ተመራማሪ ድርሳኑን ከመረመረ በኋላ፣ የሰበካውን ሽማግሎችና እናቶች መጠየቅ ይቀረዋል። የማስረጃው እኩሌታ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።